በጥቁር ፌስታል ስለተሰጠን የልጄ አካል

ልጄ ሊድያ ወርቁ ቀዶ ሕክምና ላደረገችበት ሆስፒታል ሜዲካል ዳይሬክተር
ሐዋሳ

የተከበሩ ዶክተር፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤና እመኛለሁ፤ ይልቁንም በቤትዎ ያሉ ሴቶች ልጆች ሁሉ ደኅና ሆነው፣ እርስዎ በሚመሩት ሆስፒታል መታከም እንዳያስፈልጋቸው ከልብ እመኛለሁ። እኔ በምሥራቅ ክፍለ ከተማ የምኖር፣ አርባ ዓመት ሰዓት የጠገንሁ ሽማግሌ ነኝ። ትምህርት ቤት የሄድሁት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ የቀረውን ከመዝገበ ቃላት ጋር እየታገልሁ ተምሬአለሁ። ስለዚህ የምሳሳተው ነገር ካለ እንደ ተማረ ሰው ይታገሡኛል ብዬ አምናለሁ።

ባለፈው ሳምንት ለሰጡኝ መልስ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። ልጄ ከሞተች በኋላ ያቀረብሁትን አቤቱታ መርምረው፣ ከአካሏ የወጣው ናሙና ለምርመራ ያልደረሰው ቤተሰቡ ስለቀበረው መሆኑን በማኅተም አረጋግጠውልኛል። እውነት ነው፤ ቀብረነዋል። ጉድጓዱን የቆፈርሁትም እኔ ነኝ። አንባቢ እንዲፈርድ ግን፣ በደብዳቤዎ ውስጥ ቦታ ያጣውን በተራ ላስቀምጥ።

አንደኛ፤ ሊድያ የሁለት ወር ነፍሰ ጡር ሳለች ሆዷን አሟት ወደ እናንተ ስትመጣ፣ ሐኪምዎ ፅንሱ ከማህፀን ውጭ ነው ብሎ ጠረጠረ፤ ያበጠውንና ደም የቋጠረውን የቀኝ የማህፀን ቱቦዋንም አወጣ። በዚህ አልከስስም። መጠርጠር የሐኪም ሥራ ነው።

ሁለተኛ፤ ከሆዷ በወጣው ቱቦ ውስጥ ፅንሱ በእርግጥ እንደነበር የሚታወቀው በፓቶሎጂ ምርመራ፣ ተቆራርጦ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው። ይህን ዛሬ አውቃለሁ። ከሆስፒታል በወጣችበት ዕለት ግን ነርሷ የወጣው ቱቦ ያለበትን ብልቃጥ በጥቁር ፌስታል አድርጋ ለባሏ ለዮሴፍ ስትሰጠው፣ ይህን ያዝ ከማለት በቀር የተናገረችው የለም። ናሙናን በቤተሰብ እጅ ከተማ ውስጥ ወዳለ ላቦራቶሪ መላክ የቆየ አሠራራችሁ እንደሆነ ከደብዳቤዎ ተረድቻለሁ። አደራ ስለጣላችሁብን እናመሰግናለን፤ አደራ መሆኑ ቢነገረን ደግሞ የበለጠ እናመሰግን ነበር።

ሦስተኛ፤ ዮሴፍ ብልቃጡን አይቶ ልጁ መሰለው። እኔም መሰለኝ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ አቶ ግዛቸው መጥተው ጸለዩ፤ ግቢያችን ካለው አቮካዶ ሥር ቀበርነው። ሊድያ ከአልጋዋ ሆና በመስኮት ታይ ነበር።

አራተኛ፤ ፌስታሉ ውስጥ ለላቦራቶሪው በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ የታጠፈ ወረቀት ነበር። የሴት ሰዓት ጥርስ ቆጥሬ የምጠግን ሰው፣ ያን ዕለት ደረሰኝ ነው ብዬ ሳላነበው መሳቢያ ውስጥ ከተትሁት። ይህ ጥፋት የእኔ ነው፤ ለማንም አላካፍለውም። ከልጄ ቀብር በኋላ አውጥቼ በሰዓት መነጽሬ መረመርሁት። በሐኪምዎ የእጅ ጽሑፍ ውስጥ የሚነበብ አንድ ቃል ብቻ አገኘሁ፤ ትርጉሙ «አስቸኳይ» ነው።

አምስተኛ፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን የግራ ቱቦዋ ፈነዳ። ወደ ሌላ ሆስፒታል ወሰድናት፤ የከፈቷት ሐኪም ፅንሱን ያገኙት በዚያ ቱቦ ውስጥ ነው። ደሟ አልቆ ስለነበር አልተረፈችም። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነበር። እንግዲህ ጸልየን የቀበርነው ልጅ አልነበረም፤ የልጄ የራሷ ሥጋ ነበር። ልጁ ገና እናቱ ውስጥ ነበር። ምርመራው ተደርጎ ቢሆን፣ በዚህ ቱቦ ውስጥ የፅንስ ምልክት የለም የምትል አንዲት መስመር ወደ እናንተ መልሳ ትጠራት ነበር። በአሥራ ዘጠኝ ቀን ውስጥ ውጤቱ የት ደረሰ ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው ከእናንተ ዘንድ አለመኖሩ፣ በሰው ጉዳይ የማትገቡ ጨዋዎች መሆናችሁን ያሳያል።

ካሳ አልጠይቅም። የምጠይቀው ከሰው አካል የወጣ ነገር ከቀዶ ሕክምና ክፍል እስከ ላቦራቶሪ በሆስፒታሉ ሰው እጅ እንዲሄድ፣ ውጤቱም ሲዘገይ የሚፈልገው ሰው እንዲመደብ ነው። ይህ በማኅተም ተጽፎ እስካላየሁ ድረስ ደግሜ እጽፋለሁ።

ጥፋተኛውን በሁለት ገጽ ፈልገው ላገኙበት ትጋት ያለኝን አክብሮት እየገለጽሁ፣

የሆስፒታልዎን ሥራ በባለማወቁ ያሰናከለው፣
ወርቁ ላምባሞ
ሰዓት ጠጋኝ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ካለፈው ሰኞ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት በርዎ ላይ በርጩማ ይዤ እቀመጣለሁ። ጥቁር ፌስታል ይዞ የሚወጣውን አስቁሜ ወረቀቱን በመነጽሬ አነብለታለሁ፤ ባጃጅ ውስጥ አብሬው ገብቼም ላቦራቶሪ ድረስ አደርሰዋለሁ። ዘበኛዎ ለዚህ ሥራ ማን እንደቀጠረኝ በትሕትና ቢጠይቀኝ፣ ቦታው ክፍት መሆኑን አሥራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ እንዳረጋገጥሁ ነገርሁት። እስካሁን ሦስት ሰዎች አስቁሜአለሁ። ሁለቱ የያዙት ምን እንደሆነ አያውቁም ነበር። ሦስተኛው አካፋ የሚያውሰው ሰው በአቅራቢያው እንዳለ ጠየቀኝ።