ለሰኞ የተጻፉ ጥያቄዎች

ይድረስ ለታናሽ እህቴ ለፀዲ፦ በቦንጋ ጉም የተጠቀለለ ሰላምታዬ ሐዋሳ ድረስ ይግባልሽ።

ሰኞ ስለ ታይሮይድ ካንሰሬ ሕክምና ከሐኪሙ ጋር እንመካከራለን፤ ታይሮይድ የሚባለው የአንገቴ ዕጢ ግማሹ ይውጣ ወይስ ሙሉው? «ጥያቄሽን ጽፈሽ ነይ» ብሎኛል። ጎረቤታችን እትዬ ብርቅዬ ይህን ሰምተው፣ «ስለ ጉልበቴም ጠይቂልኝ» አይሉኝም! «የአንገት ሐኪም እኮ ነው» ብላቸው፣ «ታዲያ አንገትሽን ተሸክሞ እዚያ የሚያደርስሽ እግር አይደለም?» አሉኝ። ጻፍኩላቸው።

ስለ ጠባሳውና ዕድሜ ልክ ስለሚዋጠው ኪኒንም ጽፌያለሁ፤ ከዚያ በታች ስለ ድምፄ ልጽፍበት የተውኩት አንድ መስመር እስካሁን ባዶ ነው።

ጧት ጧት ጉሙ ሳይገለጥ ብቻዬን እዘምራለሁ፤ ድምፄ ጫካው ውስጥ ርቆ ሲሄድ ሌላ ሴት የምትዘምር ይመስለኛል። በልጅነትሽ እያዜምኩ አስተኛሽ የነበረውን መዝሙር ቀድቼ በቴሌግራም ልኬልሻለሁ። ስልክ ብትቀይሪም አታጥፊብኝ።

የእናታችን ምርቃት ከደጅሽ አይራቅ።

እህትሽ አብርሆት