የእማማ ወገብና የእኔ ቸርኬ

ይድረስ ለእህቴ፣ ለእናቴም ምትክ፤

እትዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ብርድ በነካው ቁጥር የሚነሳብሽ ወገብሽስ ተሻለው ወይስ እንደ ልማድሽ «ደህና ነኝ» እያልሽ ታልፊዋለሽ? ጋሼንስ ያ ሳል ለቀቃቸው? ትልቋ ልጅሽ ፈተናዋን አለፈች? ትንሹስ አሁንም የግራ ጫማውን በቀኝ ነው የሚያደርገው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር በአካሌ ደህና ነኝ። በአካሌ ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ሌላው ደህና አይደለም፤ እሱን ልነግርሽ ነው ቁጭ ያልኩት።

አስቀድሜ ግን አንድ ልመና አለኝ። ያ ስለ አዲሱ ቸርኬና ጎማ የጎረርኩበትን ደብዳቤ ጋሼ ለጎረቤቱ ሁሉ ጮክ ብለው እንዳነበቡት ጽፈሽልኛል። «ወንድሜ የመኪና ሊቅ ሆነ» ብለሽ መኩራትሽንም ነግረሽኛል። እባክሽ ያንን ደብዳቤ ከእንግዲህ ለማንም አታስነብቢ። እሳት ማያያዣ አድርጊው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምሠራላቸውን አሮጊት በወሬ ታውቂያቸዋለሽ፤ እኔ እማማ ነው የምላቸው። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ያቺን ረጅም ጥቁር የቅንጦት መኪና የምነዳላቸው እኔ ነኝ። እማማ ብዙ አይወጡም። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ከከተማው ጫፍ ያሉትን ታላቅ እህታቸውን ለመጠየቅ እንሄዳለን። እህታቸው ከአልጋ አይወርዱም፤ ጆሯቸውም ደክሟል፣ በስልክ አይሰሙም። እማማ ካልሄዱላቸው አይገናኙም ማለት ነው። መንገዱ ደግሞ ግማሹ አስፋልት፣ ግማሹ ድንጋይ የተነጠፈበት ነው።

የመኪናዋ ጎማ ጥርሱ አልቆ ነበር። እማማም «አንተ ታውቃለህ ልጄ፣ ለመንገዱ የሚሆነውን ምረጥ» አሉኝ። ጎማ ብቻ ነው ያሉት። ቸርኬውን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ለምን ብትዪ፣ እኛ ሹፌሮች አሠሪዎቻችንን እየጠበቅን የምንውልበት አንድ ግቢ አለ። እዚያ ሰው የሚከበረው በሚነዳው መኪና ነው። ሞተር ተሸፍኖ ስለሚውል ማንም አያየውም፤ የሚታየው እግሯ ነው። ጢሞ የምንለው አንዱ ሹፌር የአሠሪውን መኪና ባለ ትልቅ ቸርኬ ካስደረገ ወዲህ ወንበር ላይ እንኳ እንደ ሰው አይቀመጥም፣ ይንሰራፋል። አንድ ቀን የኔዋን ጎማ አየና «የመበለት ጫማ» አላት። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ከሆዴ ግን አልወጣልኝም።

ጎማ ቤት ስገባ ሻጩ አፈ ቅቤ ሆኖ ጠበቀኝ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን በሙሉ እያወረደ አሳየኝ፤ ጥቁሩን፣ ብርማውን፣ ዘንጉ እንደ ጣት የተዘረጋውን። እኔ ዓይኔ ያረፈው ከሁሉም ትልቁ ላይ ነው። እዚህ ላይ ልብ በዪልኝ እትዬ፣ ቸርኬ ትልቅ ሲሆን ጎማው ይሳሳል። ለእግሯ ያለው ቦታ ያው ስለሆነ ብረቱ ባደገ ቁጥር ላስቲኩ ይቀንሳል፣ ውስጡ ያለው አየርም እንዲሁ። ድንጋዩን የሚያለዝበው ደግሞ እሱ አየር ነበር። ይህን አላውቅም ነበር ብልሽ ውሸት ነው። ሻጩም «ትንሽ ይጠጥራል» ብሎኛል። እኔ ግን «መንዳት አውቃለሁ፣ ጉድጓድ አልገባም» ብዬ ሽንጤን ገትሬ ተከራከርኩት። «መቼም ይሄን የሚመርጠው መኪና የሚያውቅ ሰው ነው» ሲለኝ በቃ፣ አለቀልኝ። ለእማማ ቸርኬውም አርጅቷል፣ አብሮ መቀየር አለበት አልኳቸው። አላረጀም ነበር። እሳቸውም «አንተ ካልክ» አሉ።

ግቢው ውስጥ ይዣት የገባሁ ቀን ጢሞ ራሱ ተነስቶ፣ ጎንበስ ብሎ ቸርኬውን በጣቱ ነካው። ያንን ደብዳቤ የጻፍኩልሽ በዚያ ሳምንት ነው። ለማያውቅሽ ታጠኚ ይሉ የለ?

ጥቂት ቆይቶ እማማ ትራስ ይዘው መውጣት ጀመሩ። ከዚያ ወገባቸውን በነጠላ ጠበቅ አድርገው ማሰር አመጡ። «ምን ሆነው ነው?» ስላቸው «ብርድ ይሆናል» ይላሉ። ልቤ ጠርጥሮ ነበር። ግን መሪ የያዘ ሰው እኮ ጉብታውን አስቀድሞ ያየዋል፣ ሰውነቱን ያዘጋጃል፣ ያን ያህል አይሰማውም። ስለዚህ ብርድ ነው እያልኩ ራሴን ሸነገልኩት። አንድ ቅዳሜ «ዛሬስ ይቅርብኝ» አሉ። የሚቀጥለውም ቀረ። ሌላውም። «ወገቤ ከዳኝ ልጄ፤ እህቴንም በዚሁ ተሰናበትኳት» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። እኔ ምን አደረግሁ? ወጥቼ ቸርኬ ወለወልኩ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይሄ ነው።

በኋላ ልጃቸው መጥቶ ሐኪም ቤት እንውሰዳቸው አለ። መሪውን እሱ ያዘና እኔን «ከኋላ ሆነህ ደግፍልኝ» አለኝ። እትዬ፣ ያቺን መኪና ይህን ሁሉ ጊዜ ስነዳት የኋላ ወንበሯ ላይ ተቀምጬ አላውቅም። ሹፌር ይጠርገዋል እንጂ አይቀመጥበትም፣ ወጉ አይደለም። የመጀመሪያው ጉብታ ከመቀመጫዬ ተነስቶ ጥርሴን አጋጨኝ። ቀና ብዬ እማማን ሳያቸው ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ ግን ጉብታው ሳይደርስ እጃቸው የበሩን እጀታ ይጨብጣል። አንዱንም አልሳቱም። መንገዱን በወገባቸው አጥንተውታል። እኔ ከፊት ሆኜ ሙዚቃ ስከፍት እሳቸው ከኋላዬ እንዲህ ነበር የሚሄዱት። ፊቴ ሲለዋወጥ አይተው ጉልበቴን መታ መታ አደረጉና «አይዞህ፣ ያንተ ጥፋት አይደለም፣ የኔ አጥንት ነው ያረጀው» አሉኝ። እኔኑ ማጽናናታቸው ነው። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ እንዴት በወደድኩ።

ሐኪሙም ዕድሜ ነው፣ መንገድ ይቀንሱ አለ። ስንመለስ ልጃቸው እንግዲያው መኪናዋ ትሸጥ አለ። እኔ ዝም ካልኩ ሁለቱ እህትማማቾች ዳግም ላይተያዩ ነው። ከተናገርኩ ደግሞ እንጀራዬ ነው። ለእንጀራዬ መፍራቴን አልደብቅሽም። ይልቅ ያስጨነቀኝ ግን ያንን ፊታቸውን እያየሁ መናገሩ ነበር።

ልጃቸው እንደሄደ ሳሎን ገባሁና ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው። ወገባቸውን ያሳመመው ጎማው መሆኑን፣ አሮጌው ቸርኬ ደህና እንደነበር፣ ለጢሞ ብዬ እንደገዛሁት። ጢሞን የት ያውቁታል፣ ብቻ እሱንም ነገርኳቸው። ውጣልኝ እስኪሉኝ አንገቴን ደፍቼ ጠበቅሁ። እማማ ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ «ታዲያ ወገቤ ደህና ነው ማለት ነው?» አሉ። ከወንበራቸው ተነሱ፣ እስከ መስኮቱ ሄደው ተመለሱ፣ ደግመው ሄዱ። «እኔ እኮ አለቀልኝ ብዬ ነበር፤ እግዜር ይስጥልኝ» አሉና ሳቁ። እትዬ፣ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ያልደረሰባቸውን እርጅና አሸክሜያቸው ኖሮ፣ ሳወርድላቸው አመሰገኑኝ።

ጎማው እስኪቀየር እንኳ አልጠበቁም። «ጉብታውን አይቼ እንድዘጋጅ ከፊት እቀመጣለሁ» ብለው ከጎኔ ገቡ። ከኋላችን ያለው መኪና ሁሉ ጥሩምባ እየነፋብን በእግረኛ ፍጥነት ሄድን። ታላቅ እህታቸው ሲያዩአቸው መጀመሪያ ፊታቸውን አዞሩ። «ረሳሽኝ» አሏቸው። እማማ ወደ ጆሯቸው ጎንበስ ብለው «ወገቤን አሞኝ ነው» አሉ። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። አንዴ አዩኝ፣ ስለ ጎማው ግን ምንም አልተናገሩም። ከአልጋ የማይወርዱት እህታቸው እጃቸውን ከብርድ ልብሱ አውጥተው የእማማን ወገብ ማሸት ጀመሩ። እማማም ጀርባቸውን ሰጧቸው።

ያን ጊዜ አንቺ ነሽ የታወስሽኝ። በልጅነቴ እኔን አዝለሽ ውኃ ትወርጂበት የነበረው ወገብሽ ነው የታወሰኝ። እስከዛሬ በየደብዳቤው «ወገብሽስ?» እላለሁ፣ «ደህና ነኝ» ትያለሽ፣ እኔም አምኜ ወደ ወሬዬ አልፋለሁ። አምኜ ሳይሆን ስለሚቀለኝ ነው። አሁን እውነቱን ጻፊልኝ፤ የቱ ጋ እንደሚያምሽ፣ የትኛው ሥራ እንደሚብስብሽ።

አሮጌዎቹ ቸርኬዎች ጎማ ቤቱ ጓሮ ተጥለው አገኘኋቸው። ወፍራም ጎማ አልብሼ መለስኳቸው። መኪናዋም አልተሸጠችም፣ ቅዳሜያችንም ተመልሷል። ግቢው ውስጥ ጢሞ ያለውን አልጽፍልሽም።

ለጋሼ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ጥሩ አድርገው ይልበሱ። ትልቋን በርቺ በያት። ትንሹም ጫማው እንዲያ ከተመቸው ምን ቸገረን፣ እንደፈለገ ያድርግ። ለጎረቤቶቻችንም በየስማቸው ሰላም በዪልኝ። ሁሉንም ሰብስቢና ይሄኛውን ደብዳቤ ጋሼ ጮክ ብለው ያንብቡላቸው።

ታናሽ ወንድምሽ

እማማ ከእህታቸው ጋር እስኪጫወቱ፣ ከመኪናዋ የኋላ ወንበር ላይ ተጻፈ
ቅዳሜ፣ ኅዳር ፲፱ ቀን