ጥያራ ጣይ

ቡሬ፣ መጋቢት 19 ቀን 1987 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለዓለምብርሃን፣ ጅማ

እንደምን ሰንብተሻል? የልጆችሽ ጤና፣ የማስተማሩ ሥራስ እንዴት ነው? እኔ ጉልበቴ እንቢ ከማለቱና እጄ ከመንቀጥቀጡ በቀር አለሁ። ጽሑፌ ጠማማ ቢሆንብሽ ታግሠሽ አንብቢው፤ ይህን ደብዳቤ ሌላ ሰው እንዲጽፍልኝ አልፈለግሁም። እናትሽ ደኅና ናት፤ ጾሙም ከቁጣዋ አላስጣለንም።

የባህል ጽሕፈት ቤቱ አድማሴ ባለፈው ሳምንት ከእንግሊዝ አገር የመጣ ደብዳቤ ይዞ ቤት ድረስ መጣ። የጻፈችው አንዲት አሮጊት ናት። ወንድሟ በ1933 ዓ.ም. እዚሁ ቡሬ አጠገብ የቀረ የተዋጊ አውሮፕላን አብራሪ ነበር። እኛ የጣሊያን መቃብር የምንለው የእሱ ሳይሆን አይቀርም ብላ ለማየት ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ትመጣለች። አድማሴ እየተረጎመ አነበበልኝ።

ወንድሟ በሚልከው ደብዳቤ ሁሉ ሞተሩን ያማርር ነበር አለች። አውሮፕላኑ ፈጣን ነው፣ መሣሪያውም ጥሩ ነው፤ ሞተሩ ግን አየር ላይ እያለ ድንገት ቀጥ ይላል። ከጠላት ጥይት ይልቅ ሞተሩ ብዙ ጓደኞቹን ጨርሷል። የዚያን ዕለትም ሞተሩ ጠፍቶበት ሜዳ ላይ በደኅና ሲያርፍ፣ ወርዶም እጁን ሲያውለበልብ ሌላ አብራሪ ከላይ ሆኖ አይቶታል። ከዚያ በኋላ ምን ሆነ? የምትጠይቀው ይህንን ብቻ ነው።

አድማሴ ደብዳቤውን አጥፎ መሬት መሬቱን ያይ ጀመር። እሱም እንደ አገሩ ልጅ ሁሉ እኔን የሚያውቀኝ የጣሊያንን ጥያራ ከሰማይ ያወረደ አርበኛ እየተባልሁ ነው። በየዓመቱ ሚያዝያ 27 ከሰልፉ ፊት የሚያስቀድሙኝም በዚሁ ነው። አንቺም በልጅነትሽ ከልጆች ጋር ስትጋጪ “የጥያራ ጣይ ልጅ ነኝ” ትዪ ነበር። እሰማሽ ነበር፤ ያሳፍረኝም ነበር።

“አባባ ክንዱ፣ ሴትዮዋ ስትመጣ ምን እንበላት?” አለኝ። ልጄ መጥታ ትነግራታለች ብዬ ሸኘሁት።

ለእሷ ከመንገርሽ በፊት ግን አንቺ ማወቅ አለብሽ። እኔ ጥያራ አልጣልሁም። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከጓደኞቼ ቀድሜ ሮጬ ስደርስ ሰውየው ከጥያራው አጠገብ ቆሟል። ጣሊያን መስሎኝ አነጣጠርሁበት። እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ ሽጉጥ ሊያወጣ ነው ብዬ ተኮስሁ። ሲወድቅ በእጁ የያዘው ወረቀት ነበር። በአማርኛ የተጻፈ ነው፣ ማኅተምም አለበት። “ይህን የያዘ ሰው ወዳጃችን ነውና እርዱት” ይላል። ከጭፍራችን ፊደል የቆጠርሁ እኔ ብቻ ነበርሁ።

ወረቀቱን ብብቴ ውስጥ ደበቅሁት። በክንፉ ላይ ያለውን የእንግሊዝ ምልክት ማንም ሳያየው ጥያራውን አቃጠልሁት። ጓደኞቼ ሲደርሱ ክንዱ ጣለው ብለው ፎከሩ፤ እኔም አይደለም አላልሁም። የቀበርሁትም እኔው ነኝ። የንስሐ አባቴ መምሬ ወልደ ዮሐንስ የሰጡኝን ቀኖና ፈጽሜአለሁ፤ ቀለል ግን አላለኝም። ኀምሳ አራት ዓመት ሙሉ ሰው ሲያመሰግነኝ ኖርሁ። ደከመኝ፣ ልጄ።

ለእናትሽ ከፋሲካ በፊት አልነግራትም። ሴትዮዋ ስትመጣ በእንግሊዝኛ የምትነግሪልኝ አንቺ ነሽ። ያልሁትን ሁሉ እንዳለ ንገሪያት፤ አባቴ ነው ብለሽ አታለሳልሺው። ወረቀቱን ግን እኔው በእጄ እሰጣታለሁ። ይህን አንብበሽ አልመጣም ብትዪ አልቀየምሽም። ብቻ መልሱን ቶሎ ላኪልኝ፤ የአድማሴ እንግሊዝኛ ለዚህ አይበቃም።

እግዚአብሔር ልጆችሽን ያሳድግልሽ፤ እጃቸውንም ከሰው ደም ይጠብቅልሽ።

አባትሽ ክንዱ