እልልታችንን ይመልሱልን

ይድረስ ለክቡር የአንግሊካን ጳጳስ፣ አትላንታ

ብዕሩን የያዘችው ጎረቤቴ ወይዘሮ ገበያነሽ ናት፤ ቃሉ ግን ፊደል ያልቆጠርኩት የእኔ የጥሩሰው ነውና ከከፋዎት በእኔ ይክፋዎት። በቅድሚያ ጤናዎ እንደ ካባዎ የሞላ፣ ዕድሜዎም እንደ ቀሚስዎ የረዘመ ይሁን። እኛን የኢትዮጵያ ኦርቶዶክሶችን ቻምብሊ ባለው ቤተ ክርስቲያንዎ በእንግድነት ስላስጸለዩን እግዜር ይስጥልን።

አንደኛ፤ ያለፈው ቅዳሜ የለበሱት ልብስ እጅግ አምሮብዎት ነበር። ያ እጅጌው እንደ ፊኛ ተነፍቶ አንጓዎ ላይ የተሸበሸበው ነጭ ቀሚስ፣ በላዩ ቀዩ ካባ፣ ከአንገትዎ የወረደው ጥቁር መጎናጸፊያ! እኛ የምናውቀው ጳጳስ እንዲህ ለብሶ ከመጣ ሊባርክ ነው። ስለዚህ ምንጣፍ አነጠፍን፣ ከበሮ መታን፤ እርስዎ ከወረቀቱ ባነበቡ ቁጥር እነ ገበያነሽ እልልታውን አቀለጡት። እንግሊዝኛ የሚሰሙት ልጆቻችን ሥራ ላይ ነበሩ። ያነበቡት ቤቱ ከእንግዲህ ቤተ ክርስቲያን አለመሆኑንና መሸጡን እንደሆነ የሰማነው ማታ እነሱ ሲገቡ ነው። እኔማ እጅጌዎን ስሜ ነበር።

ሁለተኛ፤ በመጽሔታችሁ ላይ ኢትዮጵያውያን እንግዶቻችን ውሳኔውን በደስታ ተቀበሉት ብላችሁ ፎቶአችንን ስላወጣችሁልን እናመሰግናለን። ያለችኝ ጥርስ ሁሉ ታይታለች። አሁን አቤት ብንል ማን ያምነናል?

ሦስተኛ፤ ሰዉ ስቶን ማውንቴን ወዳለው ሌላ ቤተ ክርስቲያን ሊሄድ ነው። መኪና ያለው ይሂድ። እኔ አልነዳም፣ ባቡሩም እዚያ አይደርስም፤ በየእሑዱ ራይድ ስጡኝ፣ በመኪናችሁ አድርሱኝ እያልኩ የሰው ልጅ ደጅ አልጠናም። በእግሬ ደርሼ የምቆምበት ያ ቤት ብቻ ነበር። ገበያነሽ እባክዎ በል ትለኛለች። እሺ፣ እባክዎ፤ ገዢው እስኪረከብ ድረስ የምድር ቤቱን እንኳ ይክፈቱልን። ይህም ካልሆነ እልልታችንን ይመልሱልን፤ ለበረከት እንጂ ለሽያጭ አልሰጠንዎትም። እንደማይመለስ አውቃለሁ።

ወደፊት ሌላ ቤት ሊዘጉ ሲሄዱ በቲሸርት ይሂዱ፤ ሰዉ ለቅሶውን አዘጋጅቶ ይጠብቅዎት።

እግርዎ ሥር ልወድቅ ጉልበቴ እምቢ ስላለኝ ቆሜ የምሰናበትዎ፣
አክባሪዎ ጥሩሰው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት የተዘጋውን በር ልሳለም ብጠጋ፣ ያቆሙት ጠባቂ ቁልፉን የምሰብር መስሎት አባረረኝ። አልተቀየምኩትም፤ የእሱ ልብስ ምን ሊሠራ እንደመጣ ከሩቅ ይናገራል።

በይ ገበያነሽ፣ ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ፤ የለመንኩበት ጋ ስትደርሺ ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ።