ከዘንዶው አገጭ ሥር

ሐሙስ፣ ሜይ 8

ጠዋት አራት ሰዓት ከሃያ ላይ በጨረታው ድረ-ገጽ ከስሜ አጠገብ ቀይ ምልክት ወጣ። «የሐሰተኛ ሳንቲም ሻጭ።» ሻዬን እንደያዝኩ ቀረሁ። የሌላ ሰው ስም ይሆን? ፔይ-ዩ፣ ታይናን ከተማ... እኔው ነኝ።

ለጨረታ ያቀረብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። የአያቴን የዘንዶ ብር፣ ዘንዶ የተቀረጸበትን የድሮ የብር ሳንቲም። ዝናቡ ሳይብስ የቤቱን ጣሪያ ለማስጠገን ብለን፣ እማዬም ተስማምታ። አያቴ ከአባቱ የወረሰው፣ በቀይ ወረቀት ተጠቅልሎ ከቤት ወጥቶ የማያውቅ ብር እንዴት ሐሰተኛ ይሆናል?

የከሰሰኝ ሰውዬ ማስረጃ ብሎ ያያያዘው ደግሞ የኔኑ ጽሑፍ ነው! ሦስት ዓመት አታላይ ሻጮችን ሳጋልጥበት በኖርኩት ገጽ ላይ የጻፍኩትን። «ጭረት እንደ ጣት አሻራ ነው። አንድ ዓይነት ጭረት በሁለት ሳንቲም ላይ ካያችሁ ሁለቱም ከአንድ ቅርጽ የተቀዱ ናቸው። አትግዙ።» ከሥሩ ሁለት ፎቶ። አንዱ የኔ ብር፣ ሌላው እሱ ባለፈው ወር ከሌላ ሻጭ ገዝቶ የተታለለበት። ከዘንዶው አገጭ ሥር ጭረት አለ። በሁለቱም ላይ።

ያው ራሱ።

ዓርብ፣ ሜይ 9

መዘንኩት። ሃያ ስድስት ነጥብ ዘጠኝ ስድስት ግራም። ልክ ነው። በጣቴ ጫፍ ይዤ በሌላ ሳንቲም መታ አደረግኩት። ድምፁ ጥርት ያለ፣ ረጅም።

ታዲያ? ዩኒቨርሲቲ የብረታ ብረት ሳይንስ የተማርኩት ለዚህ ነው? ወይስ አያቴ ራሱ ተታልሎ ነበር?

ጮክ ብዬ አስቤ መሰለኝ፣ እማዬ ሰማችኝ።

«አያትሽን አጭበርባሪ ልታደርጊው ነው?»

«እኔ እንደዚያ አላልኩም።»

«ፊትሽ ብሎታል።»

እሑድ፣ ሜይ 11

በባቡር ካኦሲዩንግ ከተማ ሄድኩ፣ ከከሳሼ ዘንድ። ሺህ ይባላል፣ የታክሲ ሹፌር ነው። ኑድል ቤት ቀጠረኝ። ገና ሳልቀመጥ፦

«ሌባዋ ራሷ መጣች?»

«መጣሁ። ሚዛኔንም ይዣለሁ።»

ሳቀ። ሳይወድ ነው የሳቀው። የተታለለበትን ብር ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ። ሦስት ግራም ይጎድለዋል። ድምፁም ድፍን ነው፣ የበር ቁልፍ ወለል ላይ እንደወደቀ። ሐሰተኛ። ግን ጭረቱ... አጉሊ መነጽሬን አንዴ በእሱ አንዴ በኔው ላይ ሳዞር ኑድሌ ቀዘቀዘ።

«ይቺስ ምንድን ናት?» አለኝ በጥፍሩ እየጠቆመ።

በእሱ ብር ላይ፣ ከዘንዶው የኋላ ጥፍር ላይ፣ ትንሽ እብጠት አለች። በኔው ላይ የለችም። አላውቅም አልኩት። እውነቴን ነው፣ አላወቅኩም ነበር።

ባቡር ውስጥ መጣልኝ። ሰባት ዓመቴ ነው። የእማዬን ቀይ የጥፍር ቀለም ሰርቄ የዘንዶውን ጥፍር ቀባሁት። አንዲት ጠብታ እዚያው ደረቀች። አያቴ እስኪያለቅስ ሳቀ። «ዘንዶውን ሙሽራ አደረግሽው እኮ!» ያቺን ጠብታ ማንም እንዲፍቃት አልፈቀደም።

የኔ ቀለም ነው በሰውዬው ብር ላይ ብረት ሆኖ የቆመው። የእሱ ብር ከኔው ተቀድቷል። በራሴ ብር ላይ ግን የለም። ማን አጸዳው?

ሰኞ፣ ሜይ 12

ሐሙስ ዕለት «ወጥቶ የማያውቅ» ብዬ ጻፍኩ። ተሳስቻለሁ። አንዴ ወጥቷል።

አያቴ በሞተ ዓመት የሳንቲም ሰብሳቢዎች ክበባችን ሊቀ መንበር፣ ሁላችንም አጎት የምንላቸው ቺዩ፣ ተዋሱት። ለክበቡ ዓመታዊ መጽሔት ፎቶ ሊያስነሱት። ሁላችንም ሳንቲሞቻችንን እየሰጠናቸው ነው የኖርነው፣ ማንም ደረሰኝ ጠይቆ አያውቅም። ብርን በጆሮ መለየት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ሁለት ሳምንት አቆይተው መለሱት። «ቆሻሻውን አጽድቼልሻለሁ» አሉኝ። አመሰገንኳቸው!

ሲወስዱት ቀለሙ ነበረ። ሲመልሱት የለም። ቅርጹ ሲወሰድ ግን ነበረ። ስለዚህ በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ውስጥ...

ሌላ ማብራሪያ ፈለግኩላቸው። ቀኑን ሙሉ ፈለግኩ። አጎት ቺዩ?

ረቡዕ፣ ሜይ 14

አጎት ቺዩ ሱቅ ሄድኩ።

«አጎት፣ የዘንዶው ጥፍር ላይ የነበረችውን ቀለም ያጸዷት ቅርጹን ከወሰዱ በኋላ ነው አይደል?»

ሻይ መቅዳታቸውን አላቆሙም። «ሻይሽን ጠጪ፣ ልጄ።»

«መጀመሪያ ቢያጸዱ ኖሮ አልደርስብዎትም ነበር።»

ማንቆርቆሪያውን አስቀመጡ። «ለማስታወሻ ብዬ ነው ያስቀረጽኩት፣ ለወዳጆች። ገበያ ይወጣል ብዬ መቼ አሰብኩ?» ዓይኔን አላዩም። «ስሚኝ። ‹ተሳስቻለሁ፣ ብሩ አጠራጣሪ ነው› ብለሽ ጻፊ። በክበቡ ስም እመሰክርልሻለሁ፣ ምልክቱ ይነሳል። ወጣት ነሽ። ሰው ይረሳል።»

«ብሩስ?»

«ብር ምን ይጎዳል?»

ሻዩን ሳልጠጣ ወጣሁ። በንዴት? ወይስ ልቀበላቸው ትንሽ ቀርቶኝ ስለነበር?

እማዬ፦ «የአያትሽን የሬሳ ሣጥን የተሸከመ ሰው ነው። ተዪው።»

«ብሩንም የወሰዱት በዚያው ወር ነው፣ እማዬ።»

ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች።

ዓርብ፣ ሜይ 16

ዝናብ። ከጣሪያው ሥር ሁለት ባልዲ።

እሑድ፣ ሜይ 18

ጠዋት ስነሳ ጠረጴዛዬ ላይ አንድ የድሮ ፎቶ አገኘሁ። እማዬ ናት ያስቀመጠችው። ሰባት ዓመቴ ነው፣ ሁለት ጥርስ የለኝም፣ ብሩን ለካሜራው ከፍ አድርጌ ይዣለሁ። የዘንዶው ጥፍር ቀይ ነው።

ሁሉንም ገጼ ላይ አወጣሁት። ፎቶውን፣ የሹፌሩን የሺህን ብር ከነእብጠቱ፣ የኔን ብር፣ የሁለቱን ክብደት፣ የአጎት ቺዩን ሙሉ ስም። የራሴን ጽሑፍም አረምኩ፦ «አንድ ዓይነት ጭረት ካያችሁ፣ ከመሃላቸው አንዱ ሌሎቹ የተቀዱበት እውነተኛው ሊሆን ይችላል። ሳትመዝኑ አትፍረዱ።» ስንቱን ሻጭ በዚያ ደንብ ሳልመዝን ፈርጄበት ይሆን? ከነገ ጀምሮ አንድ በአንድ አያለሁ።

ሺህ ክሱን አንስቷል። «ሌባዋ፣ ይቅርታ። ኑድሉ በኔ» ብሎ ጻፈልኝ። ድረ-ገጹ ግን ቀዩን ምልክት እስካሁን አላነሳም። ክበቡ ከአባልነት ሰርዞኛል። ብሩን ከጨረታው አውጥቼ ወደ ቀይ ወረቀቱ መለስኩት። ጣሪያው ሌላ መላ ይፈለግለታል።

አንድ ነገር አሁንም አይገባኝም። ብሩን ጆሮዬ ላይ ይዘው «ስሚ፣ እውነተኛ እንዲህ ይላል» ሲሉኝ የነበሩት ሰውዬ... ያን ጊዜ እውነታቸውን ነበር?

ምናልባት መቼም አላውቅም። የማውቀው ከእንግዲህ የማልቀበለውን ነው። ያላጠፋሁትን አጠፋሁ ብዬ ስሜን ከማንም እጅ መልሼ አልቀበልም፣ ከማከብራቸውም ቢሆን። የአያቴ ብርም የገዛ ቅጂዎቹን መሰለ ተብሎ ሐሰተኛ ሲባል ቁጭ ብዬ አልሰማም።