ሳሌምና ቴዎፍሎስ እየተቀባበሉ የዘፈኑት

ይድረስ ለወንድሜ ለዘርአ ዳዊት፣ ጅቡቲ።

እንደምን ከርመሃል? ሙቀቱስ እንዴት አድርጎሃል? ወገብህን ያምህ የነበረው ተሻለህ ወይ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ውርጩ ዘንድሮ ቀድሞ ገብቶ ባቄላውን ትንሽ ነካው፤ ገብሱ ግን ተርፏል። በስልክ ስንነጋገር አንተም ትቆጣለህ፣ እኔም አፌን አልይዝም፤ ስለዚህ ይህን ጽፌ በሹፌሩ ጎረቤታችን በገብረአብ እጅ ልኬልሃለሁ።

ነገሩ የልጅህ የሳሌም ነው። ሰላ ድንጋይ ከተማ ከሚያስተምረው ከቴዎፍሎስ ጋር እየተቀባበሉ የዘፈኑት በየሰው ስልክ ገብቷል። እሱ አብረን እንኑር ይላል፣ እሷ እስኪ መንገዱን አሳየኝ ትላለች፤ መጨረሻ ላይ ድምፃቸው አንድ ይሆናል። አንተም እዚያ ሰምተህ እንባዬ መጣ ብለኸኛል።

የልጁ ወላጆችም ሰሙና እሱን ሳይጠይቁ ሽማግሌ ላኩ። መሪጌታ ገብረ ጻድቅ ሁለት ሰዎች አስከትለው መጥተው፣ እሺ ካላላችሁን አንቀመጥም ብለው ቆሙ። ልጅቷን ልጠይቃት ብል፣ ምኑን ትጠይቂያታለሽ፣ እሱ በሰው ፊት ለመናት፣ እሷም በሰው ፊት መለሰችለት፤ በእኛ ጊዜ በጥምቀት ጨዋታ ለወንድ ግጥም የመለሰች ልጅ እሺ አለች ነበር የሚባለው አሉኝ። ባሌ ወልደኪዳንም እውነታቸውን ነው አለ። ደወሉልህ። አንተም እሺ፣ ለጥር ይሁን አልክ። ያኔ ተቀመጡ። እኔም አልተከራከርኩም፤ ዘፈኑን አምኜው ነበር።

በማግስቱ ደብረ ብርሃን ሳሌም ወደምትሠራበት ልብስ ስፌት ቤት ሄጄ ብነግራት መቀሷን አስቀምጣ ሳቀች፤ ቀጥሎ አለቀሰች። አክስቴ፣ ስንቀዳ እኮ አልተያየንም፤ እሱ ሰኞ ዘፍኖ ወደ ማስተማሩ ሄደ፣ እኔ ሐሙስ ድምፁን በጆሮዬ እየሰማሁ ዘፈንኩ አለች። ታዲያ ያን ሁሉ ናፍቆት ከየት አመጣሽው ብላት፣ በዘፈኑ ውስጥ ክፍት ቦታ ትቶልኝ ነበር፣ ገባሁበት፤ የዘፋኝ ሥራ ነው አለችኝ።

አላመንኳትም። እሑድ ሁለቱ በጓደኛዋ ሰርግ ሲዘፍኑ ሄጄ አየሁ። ዓይን ለዓይን እየተያዩ ነው የሚዘፍኑት። አጠገቤ ሲነታረኩ የነበሩ ባልና ሚስት ንትርኩን ትተው እጅ ለእጅ ተያያዙ። እኔም ወልደኪዳን አብሮኝ መጥቶ በነበረ ብዬ ተመኘሁ። ቤት ስንሆን ከበሬና ከዝናብ ሌላ ወሬ የለንም። አንድ ሰው ብቻውን ሲዘፍን እናዝንለታለን፤ ሁለት ሲሆኑ ግን የሚመልስለት አለ። ሰው የሚወደው ይህንኑ ይመስለኛል።

ማይክሮፎኑን ሲያስቀምጡ እሱ ወደ ጓደኞቹ ሄደ፣ እሷ ወደ እኔ መጣች። ምን አለሽ ብላት፣ ሁለተኛው ዘፈን ላይ ፈጥነሻል አለኝ አለች። እሱንም ጠርቼ ጠየቅሁት። እትዬ፣ እኔ የማገባት ልጅ አለችኝ፣ መዝፈን ግን አትችልም፤ አባቴን ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት አለኝ።

ስለዚህ ወንድሜ፣ እሺ ያልከው አንተ ነህና ቃልህን የምትመልሰውም አንተው ነህ። ለመሪጌታ ደውልላቸው። እሳቸው ይቀየማሉ፣ አንተም ታፍራለህ፤ ያልፋል። የእሷ ግን ዕድሜ ልኳን ነው። ያስለቀሰን የየራሳችን ነገር ነው፤ በልጅቷ ላይ አንጫነው።

እናታችን ትመርቅሃለች፤ ዘፈኑን ክፈቺልኝ እያለች ስልኬን ከእጇ አላወጣችም። ወልደኪዳን በጣም አድርጎ ሰላም ብሎሃል። ልጄ ፍሥሐ ጉልበትህን ይስማል። ሳሌምም እንዲሁ፤ ለገና ሌላ ዘፈን አለኝ፣ ከሌላ ወንድ ጋር ነው፣ አባቴ ከወዲሁ ይወቀው ብላለች።

እህትህ ወለተ ሥላሴ
አንኮበር፣ ኅዳር 11 ቀን 2017 ዓ.ም.