የጃርቱ ስም በቀይ ቀለም

አባብዬ፣

በሰው ፊት አንቱ፣ ብቻችንን ስንሆን ግን አንተ ነበር የምልህ። እማዬ «ይቺ ልጅ አባቷን አቻዋ አደረገችው» እያለች ትቆጣ ነበር፤ አንተ ደግሞ ብርዕህን ከቀለም ቀንዱ ሳታነሳ ትስቅ ነበር። ዛሬም ብቻችንን ነንና አንተ ልበልህ። ከተለየኸን ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ደህና ነን ብዬ አልዋሽህም፤ ውሸት እንደማይሆንልኝ ታውቃለህ።

ቤቱ አልተሠራም። ግማሹ ግድግዳ እንደጠቆረ ቆሟል። እማዬና እኔ የምንኖረው ብራና ትወጥርበት በነበረው ዳስ ውስጥ ነው፤ አምና ሣር ከደንነው፣ ዘንድሮ ደግሞ ማፍሰስ ጀምሯል። ከጓሮ ያሉትን ባሕር ዛፎች ጣልያኖቹ ለምሽጋቸው ቆረጧቸው። እማዬ ጥጥ ትፈትላለች። ዓይኗ ስለደከመ ክሩ ይበጠስባታል፣ በተበጠሰ ቁጥር ትሳደባለች። ስድብ የለመደችው ከአንተ በኋላ ነው፤ እንዴት እንደሚያምርባት ብታይ! እኔ የመኮንኖቹን ልብስ አጥባለሁ። አትቆጣኝ፣ የምንበላው በዚያ ነው። ቋንቋቸውንም የለመድኩት እዚያው ገንዳው ዳር ነው።

የምጽፍልህ ግን ስለ መጽሐፎቻችን ነው።

ሰው አንተን የሚያውቅህ ከእንጦጦ እስከ ቁስቋም ላሉት ደብሮች በጻፍካቸው ትልልቅ መጻሕፍት ነው። እኔ የማውቅህ በትንንሾቹ ነው። ከብራናው ዳር ተቆርጦ የሚወድቀውን ቁራጭ ሰብስበህ፣ በጅማት ሰፍተህ፣ ከመዳፍ የማይበልጥ የተረት መጽሐፍ ሠራህልኝ። ፊደል የምታስቆጥራቸውን የሰፈር ልጆች በሙሉ አውሬ አደረግሃቸው። አበራ ሆዳም ስለነበር ጅብ ሆነ። ከበደ ከዛፍ ስለማይወርድ ጦጣ ሆነ። እኔ ሚዳቋ ነበርኩ።

ቀይ ቀለም የቅዱሳን ስም ብቻ የሚጻፍበት መሆኑን አውቅ ነበር። እያወቅሁ ነው እንግዲህ የእኛም ስም በቀይ ይጻፍ ብዬ መሬት ላይ የተንከባለልኩት። የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ የአንተ አንድ ልጅ፣ ቀበጥ። አንተ አማተብክና ቀዩን ብርዕ አነሳህ። በማግስቱ ለንስሐ አባትህ ተናዝዘህ አርባ ስግደት ተሰጠህ፤ ስትሰግድም «ይቺ ለአበራ፣ ይቺ ለከበደ» እያልክ ትቆጥር ነበር። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ።

ያ ቅብጠቴ ነው የገደለህ። ይህን ለእማዬ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።

ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ቦምብ በተወረወረ ማግስት ወደ እኛ መንደር ሲመጡ፣ ከፊት ከፊታቸው የሚሄደው አስተርጓሚ ደምሴ ነበር፤ ከእኔ ጎን እግርህ ሥር ተቀምጦ ፊደል የቆጠረው ደምሴ። ቤቱን ሲበረብሩ ትንሿን መጽሐፌን አገኟት። ካፒቴናቸው ገለጠና ቀዩን በጣቱ እየነካ ጠየቀ። ደምሴ ረዘም ያለ ነገር ተናገረ። ያኔ ቋንቋቸውን ስለማላውቅ ምን እንዳለ አልገባኝም። ያየሁት ከዚያ በኋላ ያደረጉህን ነው።

ቀኝ እጅህን በወፍጮው ድንጋይ ላይ አኑረው በሰደፍ ቀጠቀጡት። ጣቶችህ ሲሰበሩ የሰማሁት ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። የስሞቹን ባለቤቶች አምጣ ሲሉህ፣ እያቃሰትክ «ይኼ ጅብ ነው ጌታዬ፣ ይኼ ጦጣ ነው» አልካቸው። እውነቱን ነበር የተናገርከው። ካፒቴኑ ያፌዝብኛል ብሎ አበደ። አጥሩ ሥር አቁመው ተኮሱብህ። የመጀመሪያው ጥይት አልጣለህም፤ አጥሩን ይዘህ ቆመህ ወደ እኔ አየህ። ሁለተኛው ጣለህ። ከዚያ ቤቱ ላይ ቤንዚን ረጩ። ሦስት ቀን ሬሳህን እንዳናነሳ ከለከሉን፤ በአራተኛው ቁስቋም ወስደን ስንቀብርህ የገነዝንህበት ነጠላ እንኳ የጎረቤት ነበር።

ደምሴ ምን እንዳለ ያወቅሁት አበራን ሲወስዱት ነው። በቀይ የተጻፈው የሽፍቶች ስም ነው፣ አውሬው የምሥጢር መጠሪያቸው ነው ብሏቸዋል። ያን ጊዜ የአበራ ሚስት እርጉዝ ነበረች። ለበዓል ብቻ ከሚያስራት ከረባቱ ጋር ዛፍ ላይ ሰቀሉት። ከበደ ወሬውን ሰምቶ በእንጦጦ በኩል ጫካ ገባ፤ ስለዚህ እውነትም ሽፍታ ሆነ። እኔን ሴት ናት ብለው ነው መሰል አልፈለጉኝም።

ሁለት ዓመት ሙሉ ለራሴ ስዋሽ ኖርኩ። ደምሴ ተሳስቶ ይሆናል፤ ፈርቶ ይሆናል፤ ወደ አንተ የመጣው የመጀመሪያው መጽሐፍ ካለቀ በኋላ ስለሆነ ተረት መሆኑን አላወቀም ይሆናል እል ነበር። አብሮኝ ያደገ ልጅ አውቆ ይህን ያደርጋል ማለት ከበደኝ።

ባለፈው ሳምንት ጎርፉ ወደ ዳሱ ሲገባብን ቦይ ልቀድ ወጣሁ። ከፈራረሰው ግድግዳ ሥር ዶማዬ እንስራ መታ። የብራና ቁራጭ የምታጠራቅምበት እንስራ ነበር። በውስጡ ከልጅነቴ ወዲህ ያላየሁት ሁለተኛው መጽሐፌ ተቀምጧል፤ እሳቱ ጫፉን አጨማድዶታል እንጂ ፊደሉን አልነካውም። ጭቃው ውስጥ ተቀምጬ አነበብኩት። የዝናቡ ተረት ነው፣ አውሬዎቹ ሁሉ አንድ ዋሻ ውስጥ የሚጠለሉበት። ጃርቱን እሾሁን ፈርቶ ማንም አላስጠጋው አለ። በመጨረሻ ሚዳቋዋ «እሾህህን አጥፈህ በእኔ በኩል ተኛ» ትለዋለች። ጅቡ አበራ፣ ጦጣው ከበደ፣ ሚዳቋዋ እኔ። የጃርቱ ስም ደግሞ በሚያምር ቀይ ቀለም ተጽፏል፤ ደምሴ።

ለካ እሱም አልቅሶ በቀይ አስጽፎ ነበር! ያን ቀን አንገትህን አቅፎ መሳሙ ትዝ አለኝ። ያውቅ ነበር፣ አባብዬ። ጣትህ ሲሰበር እያየ ያውቅ ነበር።

ደሜ ፈላ። ቀይ ስም ሽፍታ ነው ብሎ የማለላቸው እሱ ነው፤ እንግዲህ የራሱ ስም በቀይ ተጽፎ እጄ ላይ አለ። በገዛ ቃሉ ይሰቀል አልኩ። የሌሎቻችን ስም ግን እዚያው ገጽ ላይ ነው። ከአመዱ ውስጥ ያገኘሁትን፣ እጀታው የተቃጠለውን ካራህን ሳልኩት። እንዳስተማርከኝ አጋድሜ፣ ቆዳውን ሳልበሳ፣ ፋቅሁ። መጀመሪያ ከበደን። ቀጥሎ ራሴን። በመጨረሻ አበራን። የተሰቀለውን ሰው እንደገና እንደመስቀል ሆነብኝ፤ ቢሆንም ፋቅሁት። እማዬ ቀሚሴ ላይ የተራገፈውን ቀይ ብናኝ አይታ እንዝርቷን አስቀመጠች። «እሳት ያልበላውን አንቺ በላሽው?» አለችኝ።

በማግስቱ መጽሐፉን በደረቴ ይዤ ወደ ምሽጉ ሄድኩ። በሩ ላይ ስደርስ ነው ሞኝነቴ የገባኝ። ጣልያኖቹ ፊደላችንን የሚያነብላቸው አንድ ሰው ብቻ ነው ያላቸው፤ እሱም ደምሴ ነው። ልመለስ ስል ካፒቴኑ ወጣ፤ ደምሴ ከኋላው። ሁለቱም አዩኝ። መጽሐፉን አወጣሁና፣ ስቆፍር አገኘሁት ብዬ ለካፒቴኑ ሰጠሁ። ቀዩን ሲያይ ቅንድቡን አነሳ፤ ያንኑ ገጽ ገልጦ ለደምሴ አቀበለው።

ደምሴ አነበበ። ከንፈሩ ሲነጣ አየሁ። የተፋቀውን ቦታ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፤ በአንተ እጅ እንዳልተፋቀ ገብቶታል። ቀና ብሎ አየኝ። ካፒቴኑ ምን ይላል ብሎ ጠየቀው። እኔም ልብሳቸውን እያጠብኩ በለመድኩት ቋንቋ መልሱን አንድም ሳይቀረኝ ሰማሁት።

«የሕፃናት ተረት ነው፣ ሌላ ምንም የለበትም» አለው።

ካፒቴኑ አዛጋ። መጽሐፉን ወረወረልኝና ሄደ።

ይህችን ነበር ያን ቀን እንዲላት የፈለግነው፣ አባብዬ። ይህችኑ። እስትንፋስ አትፈጅም። ድንጋይ አንስቼ አናቱን ልፈረክሰው ቃጣኝ፤ ዘበኛው ባይኖር አደርገው ነበር፣ ይህንንም አልዋሽህም። ደምሴ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። መጽሐፉን ከጭቃው አንስቼ ተመለስኩ።

በዚያው ቀን እማዬ አጠገብ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት፤ የቀዩንም ነገር፣ የቅብጠቴንም። ሰማችኝና «አርባ ስግደቱን የሰገደው ወዶ ነው፤ ልጁን ሊያስቅ ነው» አለች። ከዚያ ደምሴን እዚህ የማልጽፈውን ስድብ ሰደበችው።

ቀይ ቀለሙን ከምን እንደምትበጠብጠው ሳታሳየኝ ነው የሄድከው። ጥቁሩን ግን አውቃለሁ። ከተቃጠለው ቤታችን ማገር ላይ ጥላሸቱን ፍቄ በጠበጥኩት። አበራን፣ ከበደንና ራሴን ወደየቦታችን መለስኩ፤ እጄ እንደ አንተ ባያምርም ይነበባል። በመጨረሻው ገጽ ላይ፣ አንተ በጻፍከው መጽሐፍ ሁሉ ላይ ሳታኖረው ያለፍከውን ስምህን ጻፍኩ። የአበራ ልጅ ገና ሁለት ዓመቱ ነው፤ አድጎ ፊደል ሳስቆጥረው የመጀመሪያ ንባቡ ይህ ይሆናል። አባቱና አንተ ማን እንደነበራችሁ ከዚያ ይማራል፤ እኔም እስትንፋሴ እስካለች አስነብበዋለሁ።

በመጽሐፉ ውስጥ በቀይ የቀረው አንድ ስም ብቻ ነው። ካራው ስለታም ነው፣ እጄም ለምዷል። እሱን ግን አልፋቅሁትም። ጣልያኖቹ የሚወጡ ዕለት ሌላ አንባቢ ይመጣል።

ሚዳቋህ